የአክሊሉ አገር

ኦክላንድ፣ ጥር 14 ቀን 1978 ዓ.ም.

ለተወደድሽው እህቴ ለወይዘሮ ሮማነወርቅ፤

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ከርመሻል? እኔ ከልጄ ከሀረገወይንና ከልጇ ጋር፣ ከጉልበቴ በቀር፣ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። የእናታችን ጸሎት አንቺንም ልጅሽን ጌታቸውንም ከክፉ ይጋርዳችሁ።

ሥራዬን ጠይቀሽኝ ነበር፤ እነሆ ልናገርና ልገላገል። በዚህ ከተማ መሃል የመኪና ማቆሚያ አለ። በሩ ላይ የመስታወት ዳስ አለች። በዳሷ ውስጥ ወንድምሽ ተቀምጧል። ቲኬት እሰጣለሁ፣ ቲኬት እቀበላለሁ። ስንት ዘመን ዳኛ ፊት ቆሜ ስከራከር ኖሬ፣ አሁን ሰው ሁሉ እኔ ፊት ቆሞ ይከራከረኛል። «ዐሥር ደቂቃ ብቻ ነው የቆምኩት» ይላል፤ ቲኬቱ ሁለት ሰዓት ይላል። በሕግ አምላክ ብለው ማን ሊሰማኝ! ሀረገወይን ፓሎ አልቶ ሆስፒታል ኦቨርታይም እየሠራች «አባዬ፣ ይቅርብህ፣ ቤት ተቀመጥ» ትለኛለች። ቤት ተቀምጬ ከማን ጋር ላወራ? የልጅ ልጄ አማርኛውን ትሰማለች፤ መልሱን ግን በእንግሊዝኛ ነው የምትወረውርልኝ።

አሁን ወደ ጉዳዩ። እናታችን «የአክሊሉ አገር» እያለች ትጠራት የነበረችው አገር በሚመጣው ጥቅምት ነጻ የወጣችበትን ሃያ አምስተኛ ዓመት ታከብራለች። እዚህ ሳን ሆዜና ሳንታ ክላራ የሚኖሩ ልጆቿ ማኅበር አላቸው። ሊቀመንበራቸው ሚስተር ጆሴፍ የሚባል ኢንጂነር ፈልጎ ፈልጎ አገኘኝ። ስለ መሥራቾቻቸው መጽሔት ሊያሳትሙ ነው። ሕገ መንግሥታቸውን ከጫፍ እስከ ጫፍ የጻፈው አንድ የእንግሊዝ ፕሮፌሰር ነው እየተባለ ነው እስከ ዛሬ የኖሩት። «እርስዎም ነበሩበት ሲባል ሰምተናል፤ ማስረጃ አለዎት ወይ?» አለኝ። እኔን! ጠበቃውን!

ማስረጃው አንቺ ዘንድ ነው። በ1953 መንግሥታችን ለእነሱ ያዋሰኝ ጊዜ፣ እቤታችን ሳሎን ቁጭ ብዬ በእጄ የጻፍኩት ረቂቅ በሰማያዊው የቆርቆሮ ሳጥን ውስጥ ነው። ጌታቸው ኮፒ አስነሥቶ በፖስታ ይላክልኝ። በዚያውም ሁለት መስመር ይጻፍልኝ። ከወጣሁ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፤ የሱን ሰላምታ የምሰማው በአንቺ ብዕር ብቻ ነው። አድጎ ኮራብኝ እንዴ?

ወንድምሽ አክሊሉ


አዲስ አበባ፣ መጋቢት 20 ቀን 1978 ዓ.ም.

ለአባቴም ለወንድሜም ለጋሼ አክሊሉ፤

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? ሀረገወይንና ልጇ ደህና ናቸው? እኔ ለርስዎ ከማሰብ በቀር ምንም አልሆንኩ፤ አምላክ ይመስገን። ጉልበትዎን ቅቤ አስሞቀው ይሹት። በዚያች መስታወት ቤት ውስጥ ብርድ እንዳይመታዎት ካፖርትዎን አይርሱ።

ጌታቸው ደህና ነው። ሥራው ክፍለ ሀገር ስለሆነ እምብዛም አይመጣም፤ ሲመጣም ቶሎ ይመለሳል። «ጋሼን ሳሚልኝ» ይላል።

ሳጥኑ ደህና ነው። ቁልፉ ግን ጠፍቶብኝ ልከፍተው አልቻልኩም። ጋሽዬ፣ የሰው አገር መጽሔት ቢቀርስ? እርስዎ ማን እንደሆኑ እኛ እናውቅ የለም ወይ?

እህትዎ ሮማነወርቅ


ኦክላንድ፣ ሚያዝያ 17 ቀን 1978 ዓ.ም.

ይድረስ ለውድ እህቴ፤ ለጤናሽ እንደምን አለሽ? የትንሣኤው ጌታ ደስታሽን ያብዛልሽ።

ያ ሳጥን ቁልፍ ኖሮት ያውቃል እንዴ? እማማ በገመድ ነበር የምታስረው! ምስክሯ ገና በመጀመሪያው ጥያቄ ወደቀች ብዬ ብቻዬን ዳሷ ውስጥ ስስቅ፣ አንዱ ባለመኪና በሱ የሳቅኩ መስሎት ተቆጣኝ። ሰንፈሽ ነው እንጂ ቁልፍ አልጠፋብሽም። ዕቃ ቤቱን መግባት ጠልተሽ ነው፤ አውቅሻለሁ።

እስቲ ያን ጊዜ ላስታውስሽ። በአማርኛ ያላሰብኩትን ሕግ በእንግሊዝኛ መጻፍ አልችልም ብዬ ሁሉንም አስቀድሜ በአማርኛ ጻፍኩት። የጻፍኩትን ለአንቺና ለዘበኛችን ለጋሻው አነብላችሁ ነበር። ጋሻው ካልገባው ሕግ አይደለም። አንዳንዴ ሦስት ጊዜ እንደ አዲስ ያጽፈኝ ነበር፣ ነፍሱን ይማረው። ስለ እስራት የሚለው አንቀጽ ላይ ደረስን። ጌታቸው አራት ዓመቱ ነው፤ ጭንሽ ላይ ተኝቷል። «ማንም ሰው ሲያዝ ምክንያቱ ይነገረዋል» ብዬ አነበብኩ። አንቺ ቀና ብለሽ «ለሱስ ይነገረው፤ ለእናቱ ማን ይነግራታል?» አልሽ። ጋሻው «እውነቷን ነው!» ብሎ በዱላው ወለሉን መታ። «የተያዘው ሰው ያለበት ቦታ በሁለት ቀን ውስጥ ለቤተሰቡ ይነገራል» የሚለው የገባው እንዲያ ነው። ፕሮፌሰሩ ሊሰርዘው ሁለት ቀን ተከራከረኝ፤ እምቢ አልኩት። ሮምዬ፣ ዛሬም በሕጋቸው ውስጥ አለ። የሚስተር ጆሴፍ አጎት ታስሮ በዚህ አንቀጽ ነው ቤተሰቡ ያለበትን አውቆ፣ ጠበቃ አቁሞ ያስፈታው። ይህን ሲነግረኝ እንባዬ መጣ።

ክብር ፈልጌ አይደለም። ምን ልዋሽሽ፣ ትንሽ ፈልጌያለሁ። ስድሳ ስድስት ዓመቴ ነው፤ እዚህ ሰው የሚያውቀኝ በዳሷ ቁጥር ነው። ኋላ አፈር ስገባ ለልጅ ልጄ «አያትሽ ይህን ሠርቶ ነበር» የሚላት ወረቀት ቢኖር ብዬ ነው። እስከ ነሐሴ መጨረሻ ካልደረሰ መጽሔቱ ያመልጠኛል።

የጌታቸው ሁለት መስመርም የት ገባች? ክፍለ ሀገር ወረቀት ጠፋ?

ወንድምሽ አክሊሉ


አዲስ አበባ፣ ሰኔ 30 ቀን 1978 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሼ አክሊሉ፤ ጤና ይስጥልኝ።

መልሴ በመዘግየቱ ይቅር ይበሉኝ። ክረምቱ ከብዷል፣ ጣራው ያፈሳል፣ ዕቃውን ሁሉ አዘበራርቄዋለሁ። ሲያባራ እፈልጋለሁ። እማማ ሳጥኑን በገመድ ታስር እንደነበር አሁን ትዝ አለኝ። አረጀሁ መሰለኝ።

የጌታቸው ወረቀት ይኸው ከዚህ ጋር አለ።

እህትዎ ሮማነወርቅ

«ይድረስ ለጋሼ አክሊሉ። እኔ ደህና ነኝ። ያልጻፍኩልዎ ሥራ በዝቶብኝ ነው። ስለ ጤናዎ እጸልያለሁ። አክባሪ ልጅዎ ጌታቸው።»


ኦክላንድ፣ ሐምሌ 25 ቀን 1978 ዓ.ም.

እልልልል! ለእህቴ ለሮምዬ፤ እግዚአብሔር ደስ እንዳሰኘሽኝ ደስ ያሰኝሽ።

ወረቀቱን ዳሷ መስታወት ላይ በፕላስተር ለጠፍኩት። ለሚመጣው ለሚሄደው ሁሉ «የእህቴ ልጅ ነው» እላለሁ፤ ማንም ማንበብ አይችልም፤ ግን «ናይስ» ይሉኛል። የእጅ ጽሑፉ ቁርጥ ያንቺ! ያን ሁሉ ዓመት ተማሪ ቁም ጽሕፈት ስታስተምሪ ልጅሽን መቼ ታልፊዋለሽ። አንዲት ነገር ግን አሳቀችኝ፤ «እጸልያለሁ» ይላል። ይህ ቅዳሴ ሳያልቅ በአጥር ዘሎ የሚጠፋው ልጅ ነው የሚጸልየው? ሚስት አግብቶ መሆን አለበት። ደብቃችሁኝ እንዳይሆን!

ሄይዋርድ አንድ ሱቅ ጫማ አራግፏል። ጥሩ የቆዳ ጫማ አይቼለታለሁ። ድሮ 41 ነበር የሚያደርገው፤ አሁንስ? ሠላሳ ሊደፍን ነው፤ እግሩ ሳይሰፋ አይቀርም። ቁጥሩን ቶሎ ላኪልኝ፤ ሱቁ አይጠብቀኝም።

ጎረቤትሽ ወርቅዬ በመስከረም መጨረሻ ሳን ሆዜ ልጇ ጋ ልትመጣ ነው አሉ። ሳጥኑን ለሷ ስጫት። ሚስተር ጆሴፍን ለምኜ ለኔ ሲል ማተሚያ ቤቱን እያስጠበቀልኝ ነው። ወርቅዬ ስትመለስ ደግሞ የጌታቸውን ጫማ ይዛለት ትመጣለች። የቸገረሽ ነገር ካለ አትደብቂኝ፤ በእማማ ይዤሻለሁ።

ወንድምሽ አክሊሉ


አዲስ አበባ፣ መስከረም 22 ቀን 1979 ዓ.ም.
በወርቅዬ እጅ

ጋሽዬ፤

ይህ ደብዳቤ እጅዎ ሲገባ ሰዎቹ ነግረውዎታል። ወርቅዬን አስምያታለሁ። አስቀድማ ለሀረገወይን ነግራ፣ ሽማግሌ ለምና፣ ጎሕ ሲቀድ ቤትዎ ገብተው እንዲያረዱዎት፤ ይህንንም ካለቀሱ በኋላ እንድትሰጥዎት። መርዶ በወረቀት አይሆንም።

ጌታቸው የለም። ስምንት ዓመት አለፈው።

በየካቲት 1970 ለፍተሻ መጡ። ዕቃ ቤት ገብተው ሳጥኑን አወጡ፤ ገመዱን ፈቱ። ከላይ «የሕገ መንግሥት ረቂቅ» ይላል፤ ሁለተኛው ገጽ ላይ «ስለ ጊዜያዊ መንግሥት አመሠራረት» ይላል። መሣሪያ የያዘው ልጅ ጮክ ብሎ አነበበው። «መንግሥት ልትመሠርቱ ነው?» አለኝ። የሌላ አገር ነው አልኩት። «በአማርኛ የተጻፈ የሌላ አገር ሕግ የት አለ?» አለኝ። ጋሽዬ፣ ምን ልበለው? ወንድሜ በአማርኛ ካልሆነ ሕግ ማሰብ አይችልም ልበለው?

«የማን ጽሑፍ ነው?» አለ። እርስዎ ረስተውታል፤ በእጄ የጻፍኩት ይላሉ። እርስዎማ በቁርጥራጭ ወረቀት ላይ ይሞነጫጭሩ ነበር፤ በንጹሕ የገለበጥኩት እኔ ነኝ። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የኔ እጅ ነው። አፌን ልከፍት ስል ጌታቸው ቀደመኝ፤ «እኔ ነኝ የጻፍኩት» አለ። አላመኑትም። ወረቀት ሰጥተው አንድ ገጽ አስጻፉት። ፊደል ያስቆጠርኩት እኔ አይደለሁ? ጽሕፈታችን አንድ ነው። ወሰዱት። ወረቀቱንም አብረው ወሰዱት፤ ሳጥኑ ባዶ ነው።

ለእናቱስ ማን ይነግራታል ያልኩት እኔ፣ የሚነግረኝ አጥቼ በየጣቢያው ስዞር ያለበትን ያወቅኩት በዐሥራ ሰባተኛው ቀን ነው። አራት ወር ስንቅ አመላለስኩ። ሰኔ 19 ቀን ሳህኑን ከነምግቡ መለሱልኝና «ከእንግዲህ አታምጪ» አሉኝ። ሌላ ቃል የለም። አስከሬንም የለም። ማልቀስ ክልክል ነበር። ጎረቤት አንድ በአንድ ጨው ልዋስ እያለ እየገባ፣ እጄን ጨብጦ ይወጣ ነበር። በዚያ ሳምንት ስንት ሰው ጨው አለቀበት! ጥቁር እንኳ ከቀሚሴ ሥር ነው የለበስኩት። ድምፄን አውጥቼ «ልጄን» ብዬ አላውቅም፣ እስከ ዛሬ።

አልዋሽዎትም፤ ሁለት ዓመት ያህል እርስዎን ወቀስኩ። ያን ወረቀት ለምን ተውልኝ ብዬ። ከዚያ በኋላ ግን ወጣልኝ። የደበቅኩዎት ተቀይሜ አይደለም። በሰው አገር፣ በዚያች ዳስ ውስጥ ብቻዎን ቁጭ ብለው «እኔ ነኝ ያስገደልኩት» እንዳይሉ ነው። አሁንም እንዳይሉ። የገደሉት የገደሉት ናቸው።

ያቺን ወረቀት የጻፍኳት እኔ ነኝ። «እጸልያለሁ» ማለቴ ሊያጋልጠኝ ምንም አልቀረው። የጫማውን ቁጥር ሲጠይቁኝ ግን ከዚያ በላይ መዋሸት አቃተኝ። ይቅር ይበሉኝ።

እህትዎ ሮማነወርቅ


ኦክላንድ፣ ታኅሣሥ 28 ቀን 1979 ዓ.ም.
በወርቅዬ እጅ

እህቴ፣ እናቴ፣ ሮምዬ፤

ሦስት ወር ሊሞላኝ ነው ብዕር ሳልነሣ። ወርቅዬ ልትመለስ ባትሆን ኖሮ ዛሬም ባልጻፍኩ።

ቅዳሜ ነበር፤ ገና አልነጋም። በር ተንኳኳ። ጓደኛዬ ዘነበ ወርቅዬንና ሽማግሌዎቹን አስከትሎ ገባ፤ ሀረገወይን ከኋላቸው ነጠላዋን አዘቅዝቃ ቆማለች። «ተቀመጥ» ሲለኝ አወቅኩ። ምንድነው አላልኩም፤ ማን? ነው ያልኩት። አንቺ መስለሽኝ ነበር። ስሙን ሲጠራልኝ፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ መጀመሪያ አላመንኩም፤ «ደብዳቤ ጽፎልኛል እኮ!» ብዬ ተሟገትኳቸው። ማታ ማታ ከዳሷ መስታወት ነቅዬ ይዤው እገባ ነበርና፣ ጽሑፉን ከካፖርቴ ኪስ አውጥቼ አሳየኋቸው። ወርቅዬ አንገቷን ደፋች።

እንዳልል የከለከልሽኝን ብዬዋለሁ። እላለሁም። የሰው ሕግ ስጽፍ የራሴን ቤት በር ከፍቼ ሄድኩ። ከዚያ ይባስ ብዬ ስሜ መጽሔት ላይ እንዲወጣ ብዬ፣ ወራት ሙሉ «ሳጥኑ፣ ሳጥኑ» እያልኩ ቁስልሽን ስነካካው ኖርኩ። አንቺ ደግሞ «ካፖርትዎን አይርሱ» ትይኛለሽ! መጽሔቱ ያለኔ ስም ወጥቷል። አላነበብኩትም። በዓላቸውም ላይ አልተገኘሁም።

አንድ ነገር ግን አድርጌያለሁ፤ ስሚኝ። ዘነበ ሊወጣ ሲል ተመልሶ «አክሊሉ፣ እዚህ ማን ይከለክለናል?» አለኝ። ሶፋውን፣ ጠረጴዛውን አውጥተን ፍራሽ አነጠፍን። ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ሲጨርስ የተነሣውን ፎቶግራፍ አቆምን። ሦስት ቀን ለቅሶ ተቀመጥኩ። የሕንጻው ማኔጀር «ፓርቲ ነው ወይ?» ብላ መጣች፤ የልጅ ልጄ በር ላይ ቆማ በእንግሊዝኛ አስረዳቻት፤ ከዚያ ገብታ አጠገቤ ተቀመጠችና እስኪመሽ እጄን ያዘች። ቤቱ ሞልቶ ሰው ደረጃው ላይ ተቀመጠ። ከሳን ሆዜ፣ ከሄይዋርድ፣ ከሳንታ ክላራ መጡ። ልጅሽ ተለቅሶለታል ሮምዬ። «ጌታቸው! ጌታቸው!» ብለው፣ ድምፃቸውን ሳይቀንሱ፣ ስሙን እየጠሩ አለቀሱለት።

ወንድምሽ አክሊሉ


አዲስ አበባ፣ የካቲት 6 ቀን 1979 ዓ.ም.

ለጋሼ አክሊሉ፤ ሰላምዎ ይብዛ።

ወርቅዬ በደህና ገብታለች። በእጇ የላኩልኝ ደርሶኛል። በር ዘግቼ ደጋግሜ አነበብኩት፤ ከዚያ ተኛሁ። እንዲያ ተኝቼ አላውቅም፤ ወርቅዬ በማግሥቱ መጥታ ነው የቀሰቀሰችኝ።

ከእንግዲህ የምለምንዎ አንድ ነገር ነው። ለልጃችን ብለው ቤትዎ የመጡትን ሰዎች ስም ይጻፉልኝ። አንድም ሰው አይዝለሉብኝ። እንደሚያውቁት ይህ ብድር ነው። እዚህ እናት ይኖራቸዋል፣ እህት ይኖራቸዋል፤ ቤታቸው ችግር ሲመጣ እሄድላቸዋለሁ። እስካሁን ብድር የሚጠይቀኝ አልነበረም።

እህትዎ ሮማነወርቅ


ኦክላንድ፣ መጋቢት 2 ቀን 1979 ዓ.ም.
በሰው እጅ

ለውድ እህቴ፤ እንቅልፍሽን ያሰንብትልሽ።

እነሆ። ዘነበ ታክሲ ይነዳል፤ ሦስቱንም ቀን መኪናውን አላነሣም። እናቱ ጉለሌ ናቸው፤ ዓይናቸው ደክሟል፤ አሁንም ሄደሽ ብትጠይቂያቸው አይከፋም። እጅጋየሁ ከሄይዋርድ፣ ድስቱን ሁሉ ተሸክማ የመጣችው እሷ ናት፤ እህቷ ኮልፌ ሱቅ አላት። ዓባይነህና ሚስቱ፤ የሚስቱ አባት መርካቶ አካባቢ ናቸው፤ ስማቸውን ጠይቄ እልክልሻለሁ። ጥሩነህ ደግሞ፣ ስለ ቤተ ክርስቲያን ኮሚቴ ተጣልተን ሁለት ዓመት ተኳርፈን ነበር፤ በሩ ላይ ሲያየኝ ከኔ ቀድሞ ወደቀ። እሱን በደንብ ጻፊው። አምሐ ከልጆቹ ጋር። ሚስተር ጆሴፍ ከማኅበሩ አምስት ሰው ይዞ መጥቶ፣ ባርኔጣውን አውልቆ ግማሽ ቀን ተቀመጠ። የሕንጻው ማኔጀር ሊንዳ በማግሥቱ የፖም ኬክ ጋግራ አመጣች፤ እንግዲህ የሷን ብድር እንዴት እንደምትመልሺ እንጃ።

የቀሩትን ከዚህ ጋር በሌላ ወረቀት ላይ ጽፌልሻለሁ፤ ሁሉም አሉ። አንዷን ግን ለብቻ ልንገርሽ።

በሦስተኛው ቀን ማንም የማያውቃት ሴት መጣች። ከሳን ሆዜ በአውቶቡስ ነው የመጣችው። በሩ አጠገብ ተቀመጠችና ከሁላችንም በላይ አለቀሰች። ሰዉ የሥጋ ዘመድ መሰለችው። ስትሄድ ተከትያት ወጣሁና «ልጁን ታውቂው ነበር ወይ እህቴ?» አልኳት። «አላውቀውም» አለችኝ። ስሟ ኣስመረት ነው፤ የአሥመራ ልጅ ናት። «የኔም ወንድም በረሃ ገብቶ ሞተ፤ ለእናቴ ስላልተነገራት እኔም አላለቀስኩለትም። ለቅሶ ቤት አለ ሲሉኝ ጊዜ መጣሁ» አለችኝ። ስሙን ጠየቅኳት። ኣንደማርያም ይባላል።

አዲስ አበባ ዘመድ የላትም፤ ብድሯን የምትመልሺበት ደጅ የለም። ስለዚህ ሮምዬ፣ በሩን ዝጊና ለኣንደማርያም አልቅሺለት።

ወንድምሽ አክሊሉ